ለእማዬ የቀረላት ቃል

ሰኞ፣ ዝናቡ የጀመረ ሰሞን

እማዬን ዛሬ ከሆስፒታል አመጣኋት። ሁለት ወንዶች ደግፈው በደረጃው አወጧት፤ እኔ ከኋላ ትራሷንና ኩባያዋን ይዤ ተከተልኩ። ስትሮኩ ቀኝ ጎኗን ወስዶታል። እጇ ጭኗ ላይ እንደተረሳ ጓንት ተቀምጧል። ንግግሯም አብሮ ሄዷል፤ ሐኪሙ አንድም ቃል እንዳልጠብቅ ነው የነገረኝ።

አልጋዋ ላይ ካስተኟት በኋላ ግን ተናገረች። ሰዎቹን ቀና ብላ አይታ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «እጅህ ይድረቅ» አለች።

አንደኛው እጁን ከትከሻዋ ላይ ወዲያው አነሳ። ሌላኛው ሳቅ አለ። አመስግኜ ሸኘኋቸውና በሩን ዘጋሁ።

ቃሉን አውቀዋለሁ። ለማን የተባለ እንደሆነም አውቃለሁ። ዛሬ ደክሞኛል፣ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

ረቡዕ

የምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት አርፍጄ ገባሁ። አለቃዬ ሰዓቷን አየች። የሆቴሉ አንሶላ ተቆልሎ ጠበቀኝ። ቀን ቀን ከእማዬ ጋር የምትውል አስታማሚ አግኝቻለሁ፤ ደህና ሴት ትመስላለች። ስወጣ እማዬ ለእሷም ያችኑ አለቻት። ሰላም ማለቷ ነው ብያት ወጣሁ።

ሐሙስ

ለሁሉም ነገር አንድ ቃል ነው። ውሃ ሲጠማት እጅህ ይድረቅ። መስኮቱ ይከፈት ለማለት እጅህ ይድረቅ። ሽንቷ ሲመጣ ደግሞ ፈጠን ፈጠን አድርጋ ትደጋግመዋለች። የሚገርመኝ፣ ሌላ ነገር እየተናገረች ይመስላታል። ካልገባኝ በግራ እጇ ፍራሹን ትደበድባለች።

እኔ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ጨርቅ ስጎትት የምውል ሰው ነኝ፣ እጄ ተሰነጣጥቋል፤ ይድረቅ ብትለኝ በበኩሌ ቅሬታ የለኝም። ይህን ቀልድ ለሬዲዮ ነገርኳት። ሬዲዮ የምንላት ከመተኮሻው ማሽን ማዶ የምትቆመውን ባልደረባዬን ነው። እኔ አንሶላውን አስገባለሁ፣ እሷ ተቀብላ ታጥፋለች፤ አፏ ግን ታጥፎ አያውቅም። ዛሬ አልሳቀችም። በእርግማን አይቀለድም፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ብላ ቀጣዩን አንሶላ ጎተተችው።

ቅዳሜ ማታ

እማዬ ተኝታለች። ቁጭ ብዬ ልጻፈው፤ አለዚያ በጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ሊከርም ነው።

አባታችን መስታወት ቆራጭ ነበር። ለእማዬ ሙሽራ ሳለች ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ የሚያሳይ መስታወት ሠራላት። ታችኛው ጠርዝ ላይ ጭረቶች ነበሩበት። የእኔ ቁመትና ከእኔ ቀጥላ ተወልዳ በልጅነቷ የሞተችው የእህቴ ቁመት ነው፤ አባዬ በአልማዝ መቁረጫው ጫፍ እየጫረ ይለካን ነበር። ሲጭር ድምፁ ጥርሴን ያሳክከኝ ስለነበር እሸሻለሁ። የእሷ ጭረት ጥቂት ከፍ ከፍ ብሎ ቆመ። ወንድሜ ሲወለድ አባዬ መለካቱን ትቶታል። ስለ ሟቿ ልጅም በእኛ ቤት አይወራም። ዝም አይነቅዝም ትል ነበር እማዬ።

ወንድሜ አድጎ የአባቱን ሙያ ያዘ፤ እጁም ከአባቱ የተሻለ ነው ይባልለት ነበር። አንድ ቀን እማዬ ዘመድ ልትጠይቅ ስትሄድ ሊያስደስታት አሰበ። የመስታወቱን ታች እርጥበት በልቶት ጠቁሯል፣ ተጫጭሯል። ባለሙያ ነውና ጭረት ሲያይ የሚያየው ጉድለት ነው። ቆረጠው፣ ጠርዙን አለሰለሰው፣ አዲስ ፍሬም አስገብቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። እማዬ ስትገባ ከጎኑ ቆሞ ምርቃት ይጠብቅ ነበር።

እሷም «እጅህ ይድረቅ» አለችው።

ቁራጩ የት አለ አለችው። ትንንሽ የመላጫ መስታወት ሆኖ ለሰው ተሰጥቷል። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ምክንያቱን የነገርኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ከሳምንታት በኋላ። አንዳችሁ መናገር ትችሉ ነበር ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ እዚህ ቤት እግሩ አልረገጠም።

ባለፈው ዓመት አንድ የመስኮት መስታወት አምልጦት የቀኝ እጁን አንጓ ቆረጠው። ጅማቱን ሰፉለት፤ ጣቶቹ ግን እንደታጠፉ ቀሩ። ሐኪሞቹ ጅማቱ ተጣብቋል ይላሉ። ወንድሜ ደረቀ ነው የሚለው።

ማክሰኞ

የወንድሜ ሚስት ሥራ ቦታ ድረስ ደወለች። ማሽኑ እየጮኸ ስለነበር በደንብ አልሰማኋትም፣ ወጥቼ መልሼ ደወልኩ። እጁ እንደገና ሊቀደድ ነው። ቀዶ ጥገናው ይህ ክረምት ሳይወጣ ካልተደረገ ጣቶቹ እንደዚሁ እንደሚቀሩ ነግረውታል። የመጀመሪያውን ቀጠሮ ግን ሆነ ብሎ አሳልፎታል። እናቴ በአፏ እርግማኗን ሳታነሳልኝ እጄን ለቢላ አልሰጥም ብሏታል። ሰውየው መተዳደሪያው እጁ ነው። በግራው ይዞ የሚቆርጠው ሁሉ እየተሰበረበት ነው አለችኝና አለቀሰች።

እማዬ መናገር እንደማትችል ነገርኳት። ምን እንደምትል ግን አልነገርኳትም።

ሐሙስ

የንግግር ሐኪሟ መጣች። ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ታወራለች። የሚጠፋው ሰው አስቦ የሚገጣጥመው ንግግር ነው አለች። አፍ የለመደው ግን ሌላ ቦታ ይቀመጣል፤ ቁጥር፣ ጸሎት፣ ዘፈን፣ ስድብ። አንዳንዱ ሰው ላይ በብርቱ ስሜት የተባለ አንድ ነገር ይቀርና፣ አፉን በከፈተ ቁጥር እሱ ብቻ ይወጣል። እውነትም እማዬን አብራት ስትቆጥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለች። ከአራት በኋላ ግን ወደ እጅህ ይድረቅ ተመለሰች።

በሌላ ቃል ይተካ እንደሆነ ጠየቅኋት። መሞከር ይቻላል አለች። ስትወጣ ደግሞ የምትፈልገውን ከቃሉ ሳይሆን ከድምፅዋ ፈልጊው አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ጊዜ ያለው ሰው ይፈልገው።

ዓርብ

መላ አገኘሁ። እጅህ ይድረቅና እጅህ ይባረክ ግማሹ አንድ ነው፤ የምትቀይረው መጨረሻውን ብቻ። ከዛሬ ጀምሬ ማስተማር።

እሑድ

ይባረክ። ይባረክ። ይባረክ። እማዬ አፌን ታያለች፣ ከንፈሯን ታዘጋጃለች፣ ላብ ያጠምቃታል። ይድረቅ።

ረቡዕ

ያው።

ሐሙስ

ያው ነው። ውሃ ወቀጣ።

አስታማሚዋ ዛሬ ሄደች። ልጆች አሉኝ፣ ቀኑን ሙሉ እየተረገምኩ መዋል አልችልም አለች። የንግግር ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ አስረዳኋት። ገብቶኛል አለችና ነጠላ ጫማዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ ሄደች። ነገ ማን ይቀመጥላታል?

ቅዳሜ

ከላይ ፎቅ ያለችው ወጣት እናት እስከ ቀትር ብቅ እያልኩ አያታለሁ አለችኝ። አለቃዬ ከሰዓት በኋላ እንድወጣ ፈቀደችልኝ፤ ፊቷ ግን አልፈቀደም።

ሬዲዮ ስለ እርግማን የማታውቀው ነገር የለም። ያሰረው ብቻ ነው የሚፈታው አለች ትናንት። ዛሬ ደግሞ፣ ያለጥፋቱ የተረገመ ሰው እርግማኑ ተመልሶ ከወጣበት ይገባል አለችኝ። የእናቴ ቀኝ እጅ ትዝ አለኝና አንሶላውን አጣምሜ አስገባሁት። ማሽኑ ቆመ። እናት አፏ ቢረግም ሆዷ አይረግምም ሲባል ሰምቻለሁ አልኳት። እሷም የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ብላ ዘጋችኝ።

ሰኞ

መጻፍ አልነበረብኝም፣ ግን ካልጻፍኩት አያስተኛኝም።

ዛሬ አንሶላዋን ስቀይር፣ ሳገላብጣት፣ ስደግፋት፣ ያችን ቃል አላቋረጠችም። ወገቤን አሞኝ ነበር። «አንድ ጊዜ እንኳ ዝም በይልኝ» ብዬ ጮኽኩባት። ዝም አለች። እስኪመሽ ዝም አለች። ውሃ እንኳ አልጠየቀችም። የቀረቻት አንዲት ቃል ናት፣ እሷንም ነጠቅኋት።

ሌላም ነገር አለ። የቀረችው ቃል የወንድሜ ናት። የማጥባት፣ የማጎርሳት፣ ጥፍሯን የምቆርጥላት እኔ ነኝ። በሕይወቷ አንድ ቀን አልረገመችኝም፤ መርቃኝም እንደሆነ አላስታውስም። በጎ ልጅ ምን ይባላል፣ ያው ልጅ ነው። ደክሞኝ ነው እንዲህ የምጽፈው።

እሑድ

ትልቅ ጥፋት ሠራሁ።

ጠዋት «ይባ» ያለች መሰለኝ። ምናልባት ማዛጋት ነበር። ቀጠሮው እየደረሰ ነውና ልቤ ቸኮለ። ወንድሜ ዘንድ ደውዬ አነሳችልህ፣ በአፏ ይባረክ አለች አልኩት። ስልኩን ስጫት አለኝ።

ይደግማት ይሆናል ብዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግሁት። «እማዬ» ሲል ከሩቅ ይሰማኛል። ፊቷ በራ። ከታመመች ጀምሮ እንደዚያ ሆና አላየኋትም። እንባዋ ወረደ። እየሳቀች፣ እያለቀሰች፣ «እጅህ ይድረቅ» አለችው። መልሳ መላልሳ። እጅህ ይድረቅ፣ እጅህ ይድረቅ።

ዘጋው። እሷ ግን ስልኩን አልሰጥም ብላ ጆሮዋ ላይ ይዛው ቆየች።

ማክሰኞ

ስልክ አያነሳም። ሚስቱም አታነሳም። ባነሳስ ምን ልለው ነው? ዋሽቼሃለሁ ነው፣ ወይስ አልዋሸሁህም?

ሐሙስ

ሥራ። እግሬ አብጧል። እማዬ በላች። ዝናብ።

ቅዳሜ

ዛሬ ጓዳ ሆኜ ልብስ ሳጣጥፍ ላይኛዋ ጎረቤቴ ሕፃኗን ይዛ ገባች። ልጁ መዳህ የጀመረ ሰሞን ነው። አልጋው ላይ አስቀምጣው ወደ እኔ መጣች፣ ወሬ ያዝን። ከወዲያ የእማዬ ድምፅ ይሰማኛል፤ ልጅ ስታባብል የምታሰማው ድምፅ ነው፣ እኔን ያሳደገ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ ከፍ የሚል። ልጁ ይስቃል። በሩ ላይ ደርሼ አየሁ። ትንሽ መዳፉን በግራ እጇ ይዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየነካች ነው። እጅህ ይድረቅ፣ እጅህ ይድረቅ፣ እጅህ ይድረቅ። ልጁ አምስተኛው ጣቱ ላይ ስትደርስ እየተንፈራገጠ ይስቃል፣ ድገሚልኝ ብሎ እጁን ይሰጣታል።

እናቱ ሰማች። ሮጣ ልጇን አነሳችው። አልፈርድባትም። ሲወጡ ልጁ ወደ እማዬ እየተንጠራራ አለቀሰ።

ያች የንግግር ሐኪም ያለችውን ያኔ ንቄ ነበር ያለፍኩት። ከድምፅዋ ፈልጊው። ሕፃን የቃሉን ትርጉም አያውቅም፣ ስለዚህ በትክክል ሰማት። እኔ ይህን ያህል ሳምንት አፏን ስጠመዝዝ ከረምኩ።

ሰኞ

ከሥራ በቀጥታ ወደ ወንድሜ ሱቅ ሄድኩ። መስታወት የሞላበት ቤት ስገባ ሁልጊዜ ደንግጬ ነው፤ የደከመች፣ የማላውቃት ሴትዮ ከየአቅጣጫው ትመጣለች። ጠረጴዛው ላይ የተሰበረ ብዙ ነው። ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶታል።

መዋሸቴን አመንኩለት። ከዚያ ስለ ሕፃኑ ነገርኩት፣ ሐኪሟ ያለችውንም። መሬት መሬት እያየ ሰማኝ።

«ይገባኛል እታለም» አለ። «ጭንቅላቴ ገብቶታል። ግን እጄን ዘርግተው፣ አደንዝዘውኝ፣ እኔ እዚያ ተጋድሜ እሷ እቤት ይድረቅ እያለች… አልችልም።»

«እንግዲያው በስልክ አትስማት። መጥተህ እያት።»

«ምኗን ነው የማየው?»

አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም ነበር። ስወጣ እስከ በሩ ሸኘኝ፤ በሩን በግራ እጁ ሲከፍት ተቸገረ፣ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

ሐሙስ

አልመጣም። ቀጠሮው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፣ ሚስቱ ነገረችኝ። ከዚህ ካለፈ ሐኪሙ አልቀበልም ብሏል።

ቅዳሜ

መጣ።

በሩን ስከፍት ዣንጥላውን እያንጠባጠበ ቆሟል። እማዬ መስኮቱ አጠገብ ወንበሯ ላይ ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት የማደርግላትን ጨርሼ ቫዝሊኑ ገና ጭኗ ላይ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው እንዳሳየኝ የደረቀ እጇን ጣቶች አንድ በአንድ እያሸሁ እዘረጋቸዋለሁ፤ ስለቃቸው ተመልሰው ይታጠፋሉ።

ወንድሜ ደፍ ላይ ቀረ። የሚያየው ፊቷን አልነበረም፣ እጇን ነበር። ቀኝ እጅ፣ አራቱ ጣቶች ወደ መዳፍ የታጠፉ፣ አውራ ጣቱ ከሥር። ጎኗ ሞቷል ስለው ሰምቷል፤ እጅ ብሎ አላሰበውም መሰለኝ። የራሱን እጅ ቀስ ብሎ ከኪሱ አወጣው።

«የእሷም?» አለኝ።

አዎ አልኩት።

እማዬ ያየችው ያኔ ነው። እንደዚያ ቀን በስልኩ ፊቷ በራ። «እጅህ ይድረቅ» አለች። ወንድሜ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፣ የሚወጣ መሰለኝ። ግን ግራ እጇን ዘርግታለች፣ ወንበሩን ልትለቅ ምንም አልቀራት፣ ትወድቃለች ብሎ ሮጦ ደገፋት። ያዘችው። ቀኝ እጁን ሳበችና ጭኗ ላይ፣ ከራሷ እጅ ጎን አስቀመጠችው። ሁለቱን አየች። የእሱ ጠባሳ አለበት፣ የእሷ የለበትም፤ ሌላው አንድ ነው።

ከዚያ ወደ ቫዝሊኑ ጠቆመችኝና እጅህ ይድረቅ አለች። ክፈችልኝ ማለቷ ነው፤ ይህን ማንም አያስተረጉመኝም። ከፈትኩላት። በአንድ እጇ ልጇን ታሽ ጀመር። ከትንሿ ጣት ተነስታ፣ እኔ እንደማደርግላት፣ ቀስ አድርጋ እየዘረጋች፣ ለሕፃኑ ባሰማችው በዚያ ድምፅ። እጅህ ይድረቅ፣ እጅህ ይድረቅ። ጣቱን ስትለቀው ይታጠፋል፣ መልሳ ትጀምራለች። አውራ ጣቱ ላይ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ጠባሳውን ሳመችው።

ወንድሜ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ራሱን ጉልበቷ ላይ ጣለ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ያልቆሸሸ ኩባያ አጠብኩ።

ስለ ቀዶ ጥገናው አላወራም። ሲወጣ ክፍሏ ውስጥ ያለውን መስታወት ቆሞ አየው። የምትለካ እህት እንዳለችኝ ባውቅ ኖሮ አልነካውም ነበር አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ትላለች ሬዲዮ። በቫዝሊን የሞከረ አልነበረም።

ማክሰኞ

ከሚስቱ ምንም የለም። ነገ ነው።

ሥራ ላይ ሬዲዮ ዝምታዬን አይታ ነው መሰለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ያወራችው ስለ ጥርሷ ነበር። አመሰገንኳት።

ረቡዕ

ጠዋት እማዬን እያበላሁ ስልኩ ጮኸ። ወንድሜ ነው። ሆስፒታል ነው፤ ልብሱን አስወልቀው ተሽከርካሪ አልጋ ላይ አስተኝተውታል፣ ስልኩን ሊወስዱበት ነርሷ አጠገቡ ቆማለች።

«እታለም፣ ስጫት» አለኝ።

ምን እንደምትልህ ታውቃለህ አልኩት።

«አውቃለሁ። ትበለኝ።»

ስልኩን ድምፁ ለሁለታችን እንዲሰማ አድርጌ አፏ አጠገብ ያዝኩላት። እማዬ አለ። ፊቷ በራ። ማንኪያውን ገፋች፣ ግራ እጇን አነሳችና ስልኩ ላይ፣ ራስ ላይ እንደሚጫን አድርጋ ጫነችው። ቀስ ብላ፣ አንድም ሳትቸኩል፣ «እጅህ ይድረቅ» አለችው።

«አሜን» አለ ወንድሜ።

«እጅህ ይድረቅ።»

«አሜን እማዬ።»

ሦስተኛውን ስትል ድምፁ ተሰበረ፣ አሜን ሲል ግን ሰምተነዋል። ከዚያ ነርሷ መሰለችኝ በቃ አለችው።

ማታ

ሚስቱ ደወለች። ወጥቷል፣ ነቅቷል። ጣቶቹ ይታዘዙ እንደሆነ የሚታወቀው ፋሻው ሲፈታ ነው።

ዝናቡ ዛሬ ቀለል ብሏል። እማዬን አጥቤ፣ ልብሷን ቀይሬ አስተኛኋት። ትራሷን ሳስተካክልላት የተሰነጣጠቀ እጄን ያዘችው። እንደ ልማዴ ውሃ ነው ብዬ ኩባያውን አቀረብኩላት፣ ራሷን ነቀነቀች። መስኮቱን አሳየኋት፣ ነቀነቀች። ሽንት ነው ብላት፣ እሱም አይደለም። እጄን አልለቅም አለች። በአውራ ጣቷ ስንጥቁን እየዳሰሰች፣ ዓይኔን እያየች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ያችኑ ቃል አለችኝ። ስትጨርስ መልስ ጠበቀች።

ኩባያውን አስቀመጥኩና አሜን አልኳት።